ማግኔት ያሰፋው መስመር

እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ከዓይኗ ጠብ ያለ እንባ የለም። አክስቷ በየምሽቱ ትደውላለች።

«ዛሬስ ወጣልሽ?»

«አልወጣልኝም፣ እትዬ።»

«ድንጋይ እንኳ ያልበዋል እኮ፣ ልጄ።»

ስልኩን ዘግታ ሳህኗን ታጥባለች። ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ ልብ አትለውም።

በምትሠራበት ቤተ ሙከራ «መስመር» ይሏታል፤ ከመስመር ሌላ ስለማታወራ። አዳራሹ መሃል የተተከለው ማሽን እጅግ የጋለ ጋዝ በማግኔት ኃይል አንቆ ይይዛል። የጋዙ ብርሃን በየቀለሙ ሲበተን ቀጫጭን መስመሮች ይወጡታል። አቶሞቹ በጋሉ ቁጥር ይራወጣሉ፤ በተራወጡ ቁጥር መስመሩ ይሰፋል። የእሷ ፕሮግራም የመስመሩን ቅርጽ አስልቶ ሙቀቱን ይናገራል። ሰሞኑን የተናገረው ሙቀት የድሮው እጥፍ ነበር። ቤተ ሙከራውን ያቋቋሙት አዛውንት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው፣ ነገ ጡረታ ይወጣሉ። በስንብታቸው ላይ ሊያበስሩ ያሰቡት ይህንኑ ሙቀት ነው።

ከሰዓት በኋላ የሌንስ ሠራተኛው ጠራት። በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ አዲስ ማጣሪያ እየሞከረ ነበር።

«መስመር፣ ነይ ጉድ እዪ። ይኼን ሳዞረው መስመርሽ ከሳብኝ።»

«እንዴት ይከሳል?»

«እኔ ምን አውቄ። ምሳ ከልክለሽው ይሆናላ።»

አዞረው፤ መስመሩ ቀጠነ። መለሰው፤ ሰፋ። ሙቀት ያሰፋው መስመር ማጣሪያ ስለዞረ አይቀጥንም።

ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ፕሮግራሙን ከፈተች። ማግኔት አንዱን መስመር በተለያየ አቅጣጫ የሚርገበገቡ ሦስት መስመሮች ያደርገዋል፤ ሦስቱ ሲጠጋጉ አንድ ሰፊ መስመር ይመስላሉ። ይህን የሚያሰላው የፕሮግራሙ ክፍል ጠፍቷል። እናቷን ቀብራ በተመለሰች ማግስት፣ ስሌቱ ቶሎ ይለቅልኝ ብላ ያጠፋችው እሷው ነች። መልሳ አልከፈተችውም።

መደንገጥ ነበረባት፤ ልቧ ግን ዝም አለ። አፏን ብትይዝ ስንብቱ በጭብጨባ ያልፋል፤ እርማቱም ከሰው ዓይን ርቆ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ይህን እያሰበች ሳለ እግሯ የጋሼ በር ላይ አደረሳት።

ንግግራቸውን እየተለማመዱ ነበር።

«ጋሼ፣ ሙቀቱ የለም።»

«የለም ስትዪ?»

«መስመሩን ያሰፋው ማግኔቱ ነው። የማግኔቱን ስሌት አጥፍቼው ኖሯል።»

«መቼ?»

«እናቴ የሞተች ሰሞን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እና እውነተኛው?»

«የድሮው ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ያን ሙቀት ስጠብቅ…» አሉና ተዉት።

«ይቅርታ፣ ጋሼ።» ድምጿ የአየር ሁኔታ ዘገባ የሚያነብ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

አተኩረው አዩዋት። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ ዛሬ መምጣትሽ ደግ ነው። ግን እናትሽን ቀብረሽ በማግስቱ ሥራ ምን አመጣሽ?»

«የት ልሂድ?»

ጋሼ ወንበር ሳቡላት። «ቁጭ በይ። ሦስቱን መስመሮች ንደፊልኝ፤ ነገ የማሳየው እነሱን ነው።»

በማግስቱ በስንብቱ ላይ ሦስቱ መስመሮች ግድግዳው ላይ ደምቀው ታዩ። ጋሼ የድሮውን ሙቀት ተናገሩ። ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር፤ እሳቸው ግን ሁለት ጊዜ እጅ ነሱ።

ማታ አክስቷ ደወለች።

«ዛሬስ ወጣልሽ?»

«አልወጣልኝም። ነገ ልምጣ፣ እትዬ?»

«ሥራሽስ?»

«አልገባም።»



«ነይ። ባታለቅሺም ነይ።»