በየጠዋቱ የሚወለዱ ፋይሎች

ጥቁር የለበሱት እናት ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ በሻርፕ ጠቅልለው ኮምፒዩተር ጠጋኙ ፊት አስቀመጡት። የሟች ባላቸው ነው። በየጠዋቱ አዲስ ፋይል ይወለድበታል፤ ውስጡ ትርጉም የለሽ የፊደል መዓት።

«እሱ ከሆነ ንገረኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካልሆነም ንገረኝ።»

ጠጋኙ ፋይሎቹን አገላብጦ አየ። «እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ምን ያደርጉታል?»

«ምን አደርገዋለሁ፣ አቧራውን እጠርግለታለሁ እንጂ።»

«አብርተው?»

«ካልበራ አቧራው በምን ይታየኛል ልጄ?»

ጠጋኙ ዓይናቸውን ሳያይ ነገራቸው። ሲበራ የመጻፊያው ፕሮግራም እንዲከፈት ያደረጉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ፊደሎቹን የሚጫነው ግን እሳቸው አቧራ የሚጠርጉበት ጨርቅ ነው፤ የተጻፈውን ማሽኑ ራሱ ያስቀምጠዋል።

እናትየዋ የስክሪኑ ብርሃን ፊታቸው ላይ እየፈሰሰ የፊደሉን መዓት በጣታቸው ተከተሉት።

«መጠርጠር ነበረብኝ» አሉ በመጨረሻ። «ዕድሜ ልካችንን ስንኖር፣ እንዲህ ብዙ ተናግሮኝ አያውቅም።»