ከጉዞው በፊት የተቀመጥኩት ለቅሶ

ይህ የደረሰብኝ በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ በሰው አገር፣ ኦሮራ በሚባል ከተማ ባለው የልጄ ቤት ነው። ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ቤታችን ሰው ሲሰበሰብ ያ ቅዳሜ ትዝ ይለኝና ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

የምኖረው ከልጄ ከብርሃኑ፣ ከሚስቱ ከሰብለና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ነው። ብርሃኑ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሰብለ ነርሲንግ ሆም አሮጊትና ሽማግሌ ትንከባከባለች። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ፍርድ አውቃለሁ። በቤታችን ሁሉ ነገር በተራ ነው። ቴሌቪዥኑ በተራ፣ ሻወሩ በተራ፣ መኪና ውስጥ የፊት ወንበሩም በተራ። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሰው ተራ የነካ፣ ሕፃን ልጅም ቢሆን፣ ከእኔ ጋር ይጣላል። እኔም የሰው አልነካም፤ የራሴንም አላስነካም።

ያን ዓመት ሰብለ በመኪና ረጅም መንገድ እንሂድ አለች። ካንሳስን አቋርጠን ካንሳስ ሲቲ ወንድሜ ግርማ ቤት እናርፋለን፤ ከዚያ በአዮዋ ዞረን በነብራስካ እንመለሳለን። ከእራት በኋላ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ሁላችንንም ጠራችን።

"እማማ፣ እርስዎ መንገድ ላይ ምን ማየት ይፈልጋሉ?"

"የስንዴ አጨዳ" አልኩ። ልጆቹ ዋና ያለበት ሆቴል እንጂ ስንዴ እንደማይፈልጉ ስለማውቅ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር።

"ኦኬ ግራንድማ" አሉ ሁለቱም።

ጾም ስለሚሆን የጾም ምግብ የሚገኝበት ቦታ ነው የምንቆመው አልኩ። እንደገና "ኦኬ ግራንድማ።" ግራ ገባኝ። በመጨረሻ የፊት ወንበሩን ተራ ላወጣ ስል ብርሃኑ አቋረጠኝ። "ተራ የለም እማዬ። እስክንመለስ ድረስ ፊት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።"

ያኔ ነገሩ መርዶ መርዶ ሸተተኝ።

ሐበሻ ያለ ልማዱ ሲንከባከብሽ ጠርጥሪ። እኔ መርዶ አውቃለሁ፤ ስንቱን አርድቻለሁ። ቶርንተን የምትኖር አንዲት ሴት እናቷ አርፈውባት፣ ክርስትና ተጠርተናል ብለን ጥሩ ልብስ አስለብሰን ወስደን ያረዳናት በእኔ መሪነት ነው። ሰው እንዴት እንደሚባበል፣ ዘመድ ወዳለበት እንዴት እንደሚወሰድ የሚያስተምረኝ የለም። አሁን ደግሞ ዕረፍት ወስዶ የማያውቀው ልጄ ዕረፍት ወስዶ፣ ወንድሜ ወዳለበት ከተማ ሊወስደኝ ነው።

ናዝሬት ያለችው ታናሽ እህቴ ዘነበች ስልኳ እምቢ ካለኝ ሰንብቷል። ሁሉም "ኔትወርክ ነው" ይለኛል። ዘነበችን እናታችን ከሞተች በኋላ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እህቴም የመጀመሪያ ልጄም ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱን ሰው መሰለል ያዝኩ። አንድ ቀን ሰብለ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ከግርማ ጋር በስልክ ስታወራ ደረስኩ። ስታየኝ "በኋላ እደውልልሃለሁ" ብላ ዘጋችው። በማግስቱ ለጉዞው ያዘጋጀችልኝን ሻንጣ ስከፍት ጥቁር ቀሚሴ ታጥፎ ከላይ ተቀምጧል። እኔ አላስገባሁትም።

ለምን አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። መርዶ አይጠየቅማ! ደግሞም ከጠየቅሁ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ጧት ብርሃኑ የመኪናውን ዘይት ሊያስቀይር ወጣ። ሰብለ ሻይና ዳቦ አቀረበችልኝና አጠገቤ ቁጭ አለች። "እማማ፣ መጀመሪያ ይብሉ። ከበሉ በኋላ የምነግርዎት ነገር አለ።"

ይህን ቃል እኔ ራሴ ለስንት ሰው ተናግሬዋለሁ! ዳቦውን ቆርሼ ጎረስኩ። እሱን ሳልውጥ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ዘይነባና ባሏ ኑሩ ናቸው። ባልና ሚስት ሆነው፣ በጧት።

አለቀ። "ወይኔ ዘነበች! ወይኔ እህቴን!" ብዬ ከወንበሬ ወደቅሁ።

ለካ ለጉዞው የሚያውሱንን የበረዶ ሳጥን ይዘው ነው የመጡት። ዘይነባ ሳጥኑን ለቀቀችውና ደረቷን መታች። "ወየው! ዘነበች ሞተች?" ሰብለም ጮኸች። ማን አስቀድሞ ይጠይቃል? እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል። ዘይነባ እያለቀሰች ስልኳን አነሳች፤ ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደደወለ አላውቅም። በራችን ላይ ጫማ ተከመረ፤ መንገዱ ላይ መኪና ፓርክ የሚደረግበት ጠፋ። ከካፒቶል ሂል ሰፈር በአውቶቡስ የመጡ አሮጊት ነበሩ። አንዷ ሺፍቷን ጥላ ከነዩኒፎርሟ ነው የደረሰችው። ምስር ወጥ በትልቅ ድስት ገባ። ብርሃኑም "አክስትህ አረፈች" ተብሎ ተደውሎለት እንደ ሕፃን እያለቀሰ መጣ።

ሰብለ ውሃ ይዛ ስትጠጋኝ እጇን መታሁት። ብርጭቆው ወደቀ።

"አንቺ ነሽ!" አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "እህቴ ተቀብራ አንቺ ካርታ ትዘረጊልኛለሽ? ሽርሽር እያልሽ! ጥቁር ልብሴን እስክትሸክፊ ድረስ! የገዛ እናትሽ ብትሆን እንዲህ ታደርጊያት ነበር?"

ሰብለ እናቷን ያጣችው በልጅነቷ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

ኑሩ ጠጋ አለኝ። "እትዬ የሺ፣ አላህ ያጽናዎት። ግን መቼ ነው ያረፉት? ማን ነገረዎት?"

"ይቺ ናት የደበቀችኝ! እሷን ጠይቃት!"

"እኔ?" አለች ሰብለ። "እኔ እኮ አሁን ከእርስዎ ነው የሰማሁት። ስልክ ተደውሎልዎት መስሎኝ።"

ብርሃኑ ወደ ዘይነባ ዞረ። "አንቺ አይደለሽ የደወልሽልኝ?"

"እኔ ከእሳቸው አፍ ነው የወሰድኩት!" አለች ዘይነባ።

ሁሉም እኔን አየኝ። እኔም "ታዲያ ከቁርስ በኋላ የምትነግሪኝ ምን ነበር?" አልኩ።

ሰብለ መሬት መሬት እያየች መለሰችልኝ። "ካንሳስ ውስጥ እርሻቸው ላይ እንግዳ የሚያሳድሩ ባልና ሚስት አገኘሁ። እኛ በምናልፍበት ቀን ስንዴ ያጭዳሉ። ማጨጃው መኪና ላይ ያወጡዎታል። እሱን ልነግርዎት ነበር።"

"ጥቁሩ ቀሚስስ?"

"መንገድ ላይ ቆሻሻ አያሳይም ብዬ ነው።"

"ጋራዥ ውስጥስ ከግርማ ጋር?"

"ሶፋ ላይ አስተኛታለሁ ሲለኝ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አልጋህን ልቀቅላቸው ብዬ እየተጣላሁት ነበር።" የወደቀውን ብርጭቆ አነሳች። "በዚህ አገር ከክሊኒክና ከኮልፋክስ መንገድ በቀር ምን አየሁ ብለው አልነበር? ለዚህ ብዬ እኮ ነው በዓል በዓሉን እየሠራሁ ፈቃድ ያጠራቀምኩት።"

ኑሩ ቁጥሯን ተቀብሎ በራሱ ስልክ ናዝሬት ደወለ። እምቢ አለው። ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ጠራ፤ ስፒከር ላይ አደረገው።

"ሃሎ?" ዘነበች ናት!

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እሷ ግን የብዙ ሰው ጩኸት ሲሰማት ደነገጠች። "ማነው የሞተው? እትዬ ናት? ወይኔ እትዬን!" ብላ ወዲያ ማዶ ማልቀስ ጀመረች።

"አለሁ! አለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "የሞትሽው አንቺ ነሽ!"

"እኔ?" አለች። "እኔ ሽሮ ጥጄ ቆሜያለሁ።" ነገሩ ሲነገራት እንደ ልማዷ ቀለደችብኝ። "ስንት ሰው መጣ ታዲያ? ደህና አድርገሽ አለቀስሽልኝ? የቀረ ሰው ካለ ስሙን ያዢልኝ።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የለቅሶው ምስር ወጥ የደስታ ሆኖ ተበላ። ሰብለ ግን አልነበረችም። ፎቅ ወጥታ የልጆቹን ልብስ ታጥፋለች።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላጣሁትም። በሰው ፊት ያዋረድኩትን በሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ ነው። ልጆቹ ቢያጠፉ እንደዚያ ነው የማስደርጋቸው። እኔ ላይ ሲደርስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እንግዳው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቅሁና ያኔ ደረጃውን ወጣሁ። አጠገቧ ቆሜ "አጥፍቻለሁ ልጄ" አልኳት።

"ይተዉት እማማ" አለች፣ ከልብሱ ቀና ሳትል።

ያን ቀን በሰው ፊት ያላልኩትን ነው አሁን እዚህ የምለው። ሰብለ፣ አጥፍቻለሁ።

ጉዞው አልቀረም። ስንዴው ሲታጨድ አየሁ። ገበሬው ክንዴን ይዞ ማጨጃው ላይ አወጣኝ፤ ልጆቹ ከታች አጨበጨቡልኝ፤ ሰብለ ፎቶ አነሳችኝ። ፎቶው ላይ የተቀጣሁ ነው የምመስለው። በየማረፊያው "ምን ላምጣልዎት?" ባለችኝ ቁጥር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ካንሳስ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ለማሰብ ይመቻል። ለምን ነበር የሰው ደግነት ሞት የመሰለኝ? ቤቴን በእኩልነት መርቻለሁ ብዬ እኮራ ነበር። እውነት ነው፣ በእኔ ቤት ከድርሻው የጎደለበት ሰው የለም። ግን ከድርሻው በላይ የተሰጠውም አልነበረም። ስለዚህ ልጆቼ ትርፍ ፍቅር ሲሰጡኝ ምን እንደሆነ አላወቅኩትም።

ባለፈው የእናቶች ቀን ሰብለ ከሥራ ስትመለስ አዲስ ጫማ ገዝታልኝ መጣች። ካርቶኑን ከመስጠቷ በፊት በሩ ላይ ቆመች።

"እማማ፣ ሁሉም ደህና ናቸው። ለዘነበችም አሁን ደውዬላት ነው የመጣሁት።"

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጫማውን ልለካ አጎነበስኩ፤ ልክ ሆነልኝ። ግን ፊቴ እንዳይታይ ቶሎ ቀና አላልኩም።