አንድ ማንኪያ እርሾ

ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁት ሰንፌ አይደለም፤ ዋሽቼም አይደለም። የልጅ ልጆቼ “አያታችሁ ትምህርት ጠልታ ነው የተወችው” ሲባል እየሰሙ እንዳያድጉ፣ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከወረታ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። ክረምት ሲገባ ፎገራ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ኩበቱ ይርስና ቤቱ በጭስ ይታፈናል። አባቴ ቄስ ነበሩ። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መዋሏ ብዙም አይጥማቸውም። የባልትና መምህርታችን ያዋሰችኝን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሳነብ አዩኝና፣ “እስቲ ለሰንበቴ ተራችን የሚሆነውን ዳቦ ከዚህ አውጥተሽ ጋግሪ። ካማረልሽ ትማሪያለሽ፤ አለዚያ ቤትሽ ትውያለሽ” አሉኝ።

መጽሐፉ “አንድ የሾርባ ማንኪያ እርሾ ጨምሮ ለአንድ ሰዓት ማቆየት” ይላል። እኔም ከቡሖ ዕቃችን ውስጥ ከቀረው ቀጭን እርሾ አንድ ማንኪያ ለክቼ ጨመርሁ። እናቴ ደነገጠች።

“ኧረ ልጄ፣ ይቺ ለጉንዳንም አትበቃ! በጭልፋ ጨምሪና ይደር እንጂ!”

“መጽሐፉ አንድ ማንኪያ ነው የሚል” አልኋት።

በኮባ ጠቅልዬ፣ ከላይም ከታችም ፍም አድርጌ ጋገርሁት። ሽታውማ ደስ ይል ነበር። ሲከፈት ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ። ሌላ ዱቄት ስላልነበረን እሱኑ ይዘን ሄድን። አንድ ሽማግሌ ዳቦውን አንሥተው፣ “ቄሴ፣ መጥረቢያም ቢያመጡልን መልካም ነበር!” ሲሉ ሰንበቴተኛው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም።

ማታ መጽሐፉን አስመጡና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

“እርሾ ይላል። መጽሐፍ አይዋሽም። ሳትጨምሪ ጨመርሁ ያልሽው አንቺ ነሽ።”

እናቴ “በዓይኔ አይቻለሁ” ብትልም አልሰሟትም። ሰኞ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ሲያልፉ እኔ ከደጃፋችን ቆሜ አየኋቸው።

ዛሬ በወረታ በየሱቁ የዳቦ እርሾ በትንሽ እሽግ ይሸጣል፤ የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየገዙ ይመጣሉ። ያኔ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም የሚያውቅ አልነበረም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ሦስት ልጅ ወልጄ ነው። እሽጉ ላይ “እርሾ” የሚል አንብቤ፣ ባለሱቋን ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

“የዳቦ ነዋ፣ እትዬ! አንድ ማንኪያ ጣል ማድረግ ነው፤ በአንድ ሰዓት ኩፍ ይላል።”

አንድ እሽግ ገዛሁና፣ ወደ ቤቴ ሳልሄድ በቀጥታ ወደ አባቴ ሄድሁ። አርጅተው ዓይናቸው ደክሞ ነበር። የእሽጉን ዱቄት መዳፋቸው ላይ አፍስሼ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። አሸተቱት።

“አባ፣ ያን ጊዜ ዋሽቻለሁ?” አልኋቸው።

አገሩ ሁሉ “ይፍቱኝ” እያለ የሚጎነበስላቸው አባቴ፣ ከመደባቸው ተነሥተው ከፊቴ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

“አልዋሸሽም። እኔም እንዳንቺው የቤታችን እርሾ መስሎኝ ነው ያነበብሁት። ልጄ፣ ፍቺኝ” አሉኝ።