ላልቶ የተሰማ በር

ረዲ ከጉራጌ አገር ወጥቶ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ ወዳለችው ወደዚች ትንሽ ከተማ ሲመጣ ጢሙ ገና አላቆጠቆጠም ነበር። ያን ጊዜ ከአፋን ኦሮሞ አንዲት ቃል አያውቅም። ገበያ ለገበያ መርፌና ክብሪት እያዞረ ሲሸጥ፣ ቅቤ የሚያወጡት ሴቶች እየሳቁበት፣ እያረሙት፣ አንዳንዴም ነውር ቃል አስጠንተው ሰው ፊት እያዋረዱት ቋንቋውን ለመደ። ኋላማ እሱ ራሱ አራሚ ሆነ። ከሌላ አገር የተመደበ ሠራተኛ ሱቁ ገብቶ «አካም» ብሎ ሰላምታውን በአጭር ሲቀጨው፣ እዚህ አገር ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን ሳይጠይቁ ሰላም አልኩ ማለት ነውር እንደሆነ ያስረዳዋል። ከሱቁም ከቤቱም ይልቅ የሚኮራው በዚህ በምላሱ ነበር።

ሱቁ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ናት። እንደ ሌላው ሱቅ ስኳርና ዘይት የላትም፤ ያላት ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ኮምፓስ፣ ሚስቱ ፀደይ የምትጠብሰው ቦምቦሊኖም ነው። ሞባይል ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ተማሪው ስልኩን ለረዲ አስረክቦ ይገባል። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ቁልፋቸውን እዚያው ይተዋሉ፤ ወላጆቻቸውም ስንቅ ሲልኩ «ለረዲ ስጠው» ይላሉ። ዛሬ ነቀምቴ ሆስፒታል ነጭ ካባ ለብሰው የሚንጎራደዱት ሐኪሞች ሳይቀሩ በዚያች ሱቅ ደጅ ቦምቦሊኖ ገምጠው ያደጉ ናቸው።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ክረምት ነው። የትምህርት ቤቱ የባሕር ዛፍ አጥር በስብሶ የሰፈሩ ላም ሁሉ ግቢው ውስጥ ይውል ጀመር። በብሎኬት ይታጠር ተባለ። ረዲ የወላጆች ኮሚቴ አባል ነውና፣ ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል፣ ከነጋዴው ዘንድ መዋጮውን የለመነ እሱ ነበር። ሲሚንቶው ከገባ በኋላ ርእሰ መምህሩ ዋጋሪ ወላጆችን በአዳራሹ ሰበሰበ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ነጋሪት ይደበድበዋል። ዋጋሪ ብዙ ተናገረ፤ ከኋላ ለተቀመጠው ለረዲ የደረሰው ግማሹ ነው። ከዚያ ግማሽ ውስጥ አንዲት ነገር ጥርት ብላ ተሰማችው፦ ከራውን ወደ አስፋልት እንለውጠዋለን።

ከራ ማለት መንገድ ነው። ሱቁን ከተማሪው በር የሚለየው ያ ጭቃ፣ በክረምት በሬ የሚያሰምጠው፣ በበጋ ደብተሩን ሁሉ አቧራ የሚያለብሰው ጎዳና አስፋልት ሊሆን ነው። ረዲ ልቡ ዘለለ። እጅ አውጡ ሲባል ሁለቱንም አወጣ። አልበቃው ብሎም ተነሥቶ፣ ስንት ዓመት ይህን ቀን እንደጠበቀ ተናግሮ ዋጋሪን መረቀ። ጭብጨባው ከዝናቡ በለጠ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሽማግሌው ኦቦ ጂሩ ከመድረክ ወርደው ትከሻውን ሳሙት። ረዲ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ግን መሳም ማንን ይከፋዋል?

የገባው ግንበኛው ሲባጎ የወጠረ ዕለት ነው። ሲባጎው በአሮጌው በር ላይ ከዳር እስከ ዳር አለፈ። ረዲ በሩን የት ሊተው እንደሆነ ጠየቀው። ግንበኛው ሲሚንቶ በሚዝቅበት ማንኪያው ወደ ግቢው ማዶ፣ መኪና ወደሚያልፍበት ወደ ዋናው አስፋልት አመለከተና ሥራውን ቀጠለ።

ዋጋሪ ያለው ከራ አልነበረም። ከረ ነው ያለው፤ ረ ስትጠብቅ። ላልቶ መንገድ፣ ጠብቆ በር። መለወጥም ማዞርም በአፋን ኦሮሞ በአንድ ቃል ይባላልና፣ በሩን ወደ አስፋልቱ እናዞረዋለን ነው ያለው። ረዲ የገዛ ሱቁን ሊያሳውር የመጣውን ግንብ ገንዘቡን ለምኖ፣ ሁለት እጁን አውጥቶ፣ መርቆ አስገንብቷል።

ዋጋሪ ቢሮ ሄደ። ገና አፉን ሳይከፍት ዋጋሪ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለው። «ኦቦ ረዲ፣ ለልጆቻችን ብለው እንጀራዎን የሰጡ ሰው ነዎት። መምህራኑን ሰብስቤ የእርስዎን ነገር ምሳሌ አድርጌ ነገርኳቸው» አለው። ረዲ የመጣበትን ነገር ሳያነሣ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ።

ለፀደይ ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቦምቦሊኖው እስኪያርር ሳቀች። ኋላ ግን መጥበሻውን አውርዳ አተኩራ አየችው።

«ሄደህ አልሰማሁም ነበር በላቸው።»

«ሠላሳ ዓመት ቋንቋ አውቃለሁ ብዬ?»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ኩራትህን ቆርሰህ ለማን ልትሸጥ ነው?»

ክረምቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ከረመ። ግንቡ በየቀኑ አንድ ረድፍ ከፍ ይላል፤ እሱም በየቀኑ ነገ እናገራለሁ ይላል። ትምህርት ሲከፈት በተጠራው ስብሰባ ግን ተነሣ። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። የሰማውንና ያልሰማውን በአፋን ኦሮሞ አንድ ሳያስቀር ተናገረና፣ ግንቡ ውስጥ ሰው የምታሳልፍ አንዲት ትንሽ በር ብቻ እንድትተውለት ለመነ።

ከፊት አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ጂሩ እንባቸውን ጠርገው፣ «የእኔ ረዲ፣ አንተ የሰማኸው እኛ ከተናገርነው ይሻል ነበር» አሉ።

በክፋት የሳቀ አልነበረም። ግን ሳቁ ሲያልቅ ዋጋሪ ራሱን አከከ። ጥበቃው አንድ ሰው ነው፤ ሁለት በር ማን ይጠብቃል? ሲሚንቶውም አልቋል። ለሚመጣው ዓመት እናየዋለን ተባለ። ረዲ ያችን ቃል ያውቃታል፤ የምትላላም የምትጠብቅም ፊደል የላትም፣ በሁሉም ቋንቋ ትርጉሟ አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያ ሞገስ ጠፋ። ለልጆቻችን እንጀራውን የሰጠው ሰው ቀረና፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ «ኦቦ ረዲ፣ አስፋልቱ መቼ ይጀመራል?» የሚለው ሰው ሆነ። ስልኩን የሚያስረክብ፣ ቁልፉን የሚተው ተማሪ የለም። በአዲሱ በር ፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንድ ጎረምሳ ጃንጥላ ዘርግቶ እስክሪብቶ ይሸጣል። ፀደይ ቦምቦሊኖዋን በሳፋ ይዛ እዚያ መሄድ ጀምራለች። ረዲ ግን እንቢ አለ። በጠዋት ተነሥቶ ሱቁን ይከፍትና ግንቡን እያየ ይቀመጣል። ግንቡ እንኳ አልተለሰነም፤ ለልስኑ ሌላ መዋጮ ያስፈልጋል፤ ያን ማን ይለምንላቸው?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከግንቡ ወዲያ የሴት ልጅ ድምፅ ጠራው። «ጋሼ ረዲ!» ያቺ ስንቋን ስንት ጊዜ የተቀበለላት፣ ከገጠር የመጣችው ፌኔት ናት። በግንቡ ላይ ዕቃ ማቀበል እንደሚያስቀጣ የወሰነው እሱ ያለበት ኮሚቴ ነው።

ፈተና ልንቀመጥ ነው፣ ቀለማ ጉራቻ ወርውርልኝ አለችው።

«ምን አልሽ? ድገሚው።»

ደገመችለት።

«አሁንም ድገሚው።»

«ጥ-ቁ-ር እስክሪብቶ» አለች በአማርኛ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ፊደል በፊደል እየጎተተች። ከኋላዋ ብዙ ልጆች ሳቁ።

ረዲ ግራ ቀኙን አይቶ ጥቁር እስክሪብቶ ወረወረላት። ወዲያው ደወሉ ተደወለ። በደወሉ መሀል ልጅቷ አንድ ነገር ጮኻ ተናገረች፤ አገኘሁት ትበል አላገኘሁትም ትበል አልለየለትም። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና ሌላ አንድ አምጥቶ ወረወረ።