ልጄ ደረሰኙን ለእህቴ ሲልክ

በታናሽ እህቴ የምቀናው በቤቷ አልነበረም። እሷ ሮውሌት በሚባል ከተማ፣ ከሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ሰፊ ጓሮ ያለው ቤት አላት፤ እኔ ካሮልተን በሚባል ሌላ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያ አጠገብ አፓርታማ ተከራይቼ እኖራለሁ። እሱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሁልጊዜ ከእኔ ቀድማ ማሰቧን ነው። ታላቋ እኔ ነኝ። ልጅ ሳለች ፀጉሯን ጎንጉኜ፣ እጇን ይዤ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነበርኩ። እዚህ አገር ከመጣን በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ስለ ኢንሹራንስ ይሁን ስለ ታክስ፣ ያልገባኝን ሁሉ የምጠይቀው እሷን ሆነ።

ልጆቻችን እኩዮች ናቸው፤ የእሷ ሴት፣ የእኔ ወንድ። ሁለቱም ገና ዳይፐር ላይ እያሉ አንድ እሁድ ቤቴ መጥታ ለልጇ የኮሌጅ ቁጠባ አካውንት እንደከፈተች ነገረችኝ። ሪቻርድሰን ካለው መሥሪያ ቤቷ ከአንዲት ባልደረባዋ ነው የሰማችው። ገንዘቡ ኢንቨስት እየተደረገ ያድጋል፤ ለልጁ ኮሌጅ ከወጣ ትርፉን ታክስ አይነካውም፤ ለሌላ ጉዳይ ከወጣ ግን ትርፉ ላይ ታክስም ቅጣትም አለ። አንቺም ክፈቺ ብላ ለመነችኝ። ያን ጊዜ ከልጄ አባት ጋር ሆነን ያለንን ሁሉ ለሚሠራበት የጭነት ትራክ ቅድመ ክፍያ እያጠራቀምን ስለነበር፣ ልጁ እኮ ገና ጥርስ አላወጣም ብዬ ሳቅኩባት። ትራኩ ተገዛ። ትዳራችን ሲፈርስ ትራኩም ከአባቱ ጋር ወደ ሌላ ስቴት ሄደ።

ልጆቹ ሃይስኩል ሲጨርሱ የእህቴ ልጅ ከእኛ ርቆ፣ በአገሩ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የትምህርት ክፍያውን ቱሽኑን፣ ዶርሙን፣ ምግቡንም ጭምር የሚችል ስኮላርሺፕ ሰጧት። የእኔ ልጅ እዚሁ ሪቻርድሰን ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው፤ የተሰጠው እርዳታ ግን ትንሽ ነበር። እህቴ ጓሮዋ ውስጥ ድግስ አዘጋጀች። እኔም ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ፤ እልል ሲባልም አብሬ እልል አልኩ። ከዚያ ሳህን ላጥብ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁና ብቻዬን ቆሜ አሰብኩ። ያጠራቀመችው እሷ፣ የማያስፈልጋትም እሷ። እኔ ምንም ያላስቀመጥኩት ደግሞ ልጄን የትምህርት ብድር፣ ሎን፣ ላስፈርመው ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ እወዳታለሁም። ግን ያን ቀን ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በዚያ ሰሞን አንድ መጽናኛ ብቻ ነበረኝ። ኤርፖርት ሥራዬ ላይ አቅመ ደካማ መንገደኛ በዊልቸር እየገፋሁ ስውል ያ አካውንት ትዝ ይለኝና፣ አሁን እንግዲህ ለትምህርት ካልዋለ ታክሱን ትቅመሰው እል ነበር። ይህን እያሰብኩ መንገደኛውን በፈገግታ ነበር በሩ ድረስ የማደርሰው።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ልትወስደኝ መጣች። መኪናው ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ሞተሩን ሳታስነሳ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ አካውንቱን ወደ ልጅሽ ላዙረው» አለችኝ። «የእኔዋ ስኮላርሺፕ ስላገኘች የዚያኑ ያህል ባወጣ ቅጣቱ ይቀርልኛል፤ ትርፉ ላይ ያለው ታክስ ግን አይቀርም። ለእሱ ትምህርት ከዋለ ግን ታክስ የለበትም። የአክስት ልጅ ይፈቀዳል፣ ጠይቄያለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቷ ላይ ይጠመጠም ነበር። እኔ የመኪናውን መስኮት አየሁ። እንዲያ ስታስረዳኝ የሰማሁት፣ ስትሰጠኝ እንኳን እንደማይጎድልባት ነበር። ላስብበት አልኳት። ቤት ስደርስ ልጄ ነገሩን አስቀድሞ ከአክስቱ ልጅ ሰምቶታል፤ ሎኑ ስለቀረለት ፊቱ በርቷል። እሱን እያየሁ እንዴት እምቢ እላለሁ? በማግስቱ ደውዬ አመሰገንኳት፣ መረቅኳትም። ድምፄ እንደሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ሰምታው ከሆነ አላውቅም።

ያላሰብኩት ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ተማሪው ይለወጥ እንጂ አካውንቱ ያው የእሷ ነው፤ ማውጣት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ልጄ ደረሰኝ በያዘ ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ በተከፈለበት ዓመት ውስጥ መውጣት ስላለበት ሳታሳድር ታወጣለታለች። ቱሽን፣ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር፣ ትምህርት ቤቱ ባስቀመጠው ልክ ዶርምና ምግብ፣ ይሄ ሁሉ በእሷ በኩል አለፈ። ሕጉ የትምህርት ወጪ ነው የማይለው ለእኔ ቀረ፦ ቤንዚን፣ የስልክ፣ የፓርኪንግ። ለእነዚያ ኦቨርታይም እየገባሁ ስከፍል ደስ ይለኝ ነበር። ቢያንስ እነሱ የእኔ ነበሩ።

ደረሰኙ ግን ወሬ አመጣ። እህቴ መጽሐፉን ስታይ ስለ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ትደውልለታለች፤ እሱም ያስረዳታል፤ ከዚያ ስለ መምህሩ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ዶርም ጓደኛው ይቀጥላሉ። ልብሱን ሊያጥብ ቤት የመጣ ቀን በረንዳ ላይ ቆሞ በስልክ ሲስቅ ብዙ ቆየ። ሴት ጓደኛ ያዘ ማለት ነው ብዬ ምግቡን እያሞቅኩ ጠበቅኩት። ሲገባ፣ አክስቴ ሰላም ብላሻለች አለኝ።

ከእኔ ጋር ስለ ትምህርቱ ያለን ወሬ አጭር ነው። እንዴት ነው ስለው፣ ጥሩ ነው ይለኛል። የእሱ አማርኛ ከልጅነቱ አላለፈም፤ የእኔ እንግሊዝኛ ከኤርፖርት በር አያልፍም። የእህቴ እንግሊዝኛ የቢሮ ነው፣ የሚላት ሁሉ ይገባታል። በቤቷና በገንዘቧ መቅናት ያን ያህል አያምም። በልጄ ወሬ መቅናት ግን ሌላ ነው። ስልኩ ሲጮህ እሷ ትሆን እያልኩ ከሩቅ ስሙን ለማንበብ መንጠራራት ጀመርኩ።

በሚቀጥለው የጸደይ ሰመስተር አንድ እሁድ ቤቷ ሄጄ ሽንኩርት እየከተፍን፣ ልጁ የትምህርት ዘርፉን መቀየሩ ከፍቶኝ እንደሆነ በጨዋታ መሀል ጠየቀችኝ። ኢንጂነሪንግ ትቶ፣ መስማት የሚቸግራቸውን ሕፃናት የሚረዳ ሙያ ሊማር ነው። እኔ አልሰማሁም። ምን ይከፋኛል ብዬ ጥቂት ከተፍኩ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

«አልነገረኝም» አልኳት። «ገንዘቡን ስቀበል ልጄን ሸጥኩልሽ ማለት ነው?»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጇን በፎጣ ጠርጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የእኔዋ በወር ስንት ጊዜ የምትደውል ይመስልሻል?» አለችኝ። «ሁሉ ነገር ተከፍሎላታል፤ ከእኔ የምትፈልገው የለም። ያንቺ ልጅ ደረሰኝ ሲልክልኝ ጥያቄ አበዛለሁ፣ አውቃለሁ። እሷን የምጠይቃት ይመስለኛል። አንቺ ጋ ደግሞ ልብሱን ይዞ ይመጣል፣ በልቶ ተኝቶ ይሄዳል። እትዬ፣ እቀናብሻለሁ እኮ።»

በእኔ ሰው ይቀናል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። አላቀፍኳትም፤ ቢላዋውን መልሼ አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሽንኩርቱ የሁለታችንንም ዓይን እያስለቀሰ።

ልጄ በሚቀጥለው ሲመጣ ልብሱ በማሽኑ እየታጠበ ሳለ አጠገቤ አስቀመጥኩትና ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ኤርፖርት ውስጥ ለማውቀው ሁሉ ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው እያልኩ ስለማወራ፣ «እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው» አለኝ። አዲሱን ትምህርት በአማርኛ እንዲያስረዳኝ ጠየቅኩት። ተቸገረ። «ማለቴ፣ ማሚ፣ ጆሮው ይሠራል፣ ግን ድምፁ... ሶ፣ ድምፁ ወደ ውስጥ አይሄድም» እያለ በእጁ ያሳየኛል፤ እኔ ቃል አቀብለዋለሁ፣ እሱ ይደግመዋል። ማሽኑ ቆሞ እኛ ገና አልጨረስንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረሰኙን ያው ለእሷ ይልካል፤ አሁንም በስልክ ሲስቁ ስሰማ እቀናለሁ። ግን በምልልሳቸው መሀል ገብቼ ምን አለችህ ብዬ እጠይቃለሁ፣ እሱም ይነግረኛል።

በገና እረፍት የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ሮውሌት በገባች በማግስቱ የእናቷን መኪና ይዛ እኔ ጋ መጣችና ኩሽና ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ልጅ ሳለች ምን ትመስል እንደነበር ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው፤ እሷን ስጠይቃት ሁልጊዜ ሥራ አለኝ ትለኛለች አለች። እኔም ነገርኳት። ፀጉሯ ሲጎነጎን እንዴት ትጮህ እንደነበር፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቀሚሴን ይዛ አልገባም ስትል ዘበኛው በከረሜላ እንዴት ያታልላት እንደነበር። ልጅቷ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች።

ስልኬ ጮኸ።

«እዚያ ናት?» አለች እህቴ። የቅናቱን ድምፅ ወዲያው አወቅኩት፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደዚያ ጠይቄያለሁ። ምሳ ልናቀርብ ነው፣ ነይ አልኳት። በባሏ መኪና መጣች። በሩን ስከፍትላት ልጅቷ ገና እየሳቀች ነበር።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ።

ልጅቷ ልንገራት ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። እኔ ወደ ምድጃው ዞሬ ድስቱን ማማሰል ጀመርኩ፤ እህቴን ትንሽ አስጠበቅኳት።