በቅበላ ማግሥት የተበጠበጠው ዱቄት

በንጉሡ ዘመን፣ ከጎንደር ሆስፒታል ጓሮ ወዳለችው ላቦራቶሪ የገባሁ ዕለት፣ ዶክተር ተፈሪ የትምህርት ወረቀት አልጠየቁኝም። «እጅህ ይንቀጠቀጣል?» አሉኝ። የቁስቋም ብራና ጸሐፊ ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው። ምላጭ ሰጥተው የበሬ ኩላሊት አስቆረጡኝ። ቁራጩን ወደ መስኮቱ አንሥተው ብርሃን ሲያልፍበት አዩና፣ «ግሩም! ሦስት ወር ትሞከራለህ» አሉ።

ሥራችን ኩላሊት አናት ላይ በምትቀመጠው ዕጢ ላይ ነበር። ከአንጎል ሥር የሚወጣ ሆርሞን በደም ሄዶ ሲያዛት፣ እሷም የራሷን ሆርሞን ታወጣለች። አዛዡ ሆርሞን ሠላሳ ዘጠኝ ፍሬ የተሰካበት ሰንሰለት ነው። ዶክተር ማወቅ የፈለጉት፣ ዕጢዋ እንድትታዘዝ ፍሬው ሁሉ ያስፈልግ እንደሆነ ነበር።

«እንደ አባትህ መቁጠሪያ አስበው» አሉኝ። «የመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ፍሬዎች ብቻ ቢቀሩ ጸሎቱ ይደርሳል?»

«የአባቴን እንጃ፤ የእርስዎን እንሞክረው» ብዬ አሳቅኳቸው።

መጀመሪያ ቄራ የሄድኩ ቀን አራጁ ሁለት ሸጋ ኩላሊት መርጦ ሰጠኝ። ዕጢዋን ግን ከሞራው ጋር ገፎ ጥሏት ኖሯል። ዶክተር ኩላሊቶቹን አገላብጠው «ለምሳ ይሆናሉ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሞራውን በጣቴ እየዳበስኩ ራሴ አወጣት ጀመር።

እኔ ሳልመጣ ከተጀመረ የብዙ ወር ደብዳቤ በኋላ ሃያ አራት ፍሬ ያለው ቁራጭ ከውጭ አገር መጣ። አንድ ብልቃጥ ብቻ፣ ውስጡ ቁንጥር ዱቄት። ከተበጠበጠ በዚያው ቀን ካልተሠራበት ይበላሻል። ዓርብ ዕለት ዶክተር «ሰኞ ጠዋት ዕጢ ታመጣለህ?» አሉኝ። የሙከራ ጊዜዬ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። ለአለቃ ከ«እሺ» ሌላ መልስ አላውቅም ነበርና «እሺ» አልኩ።

እሑድ ቅበላ ነበር፤ ሥጋ እስኪበቃኝ በላሁ። ሰኞ ማለዳ በረዶ የሞላ ፔርሙዝ ይዤ ቄራ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው ከጋቢው ብቅ ብሎ፣ «ምነው ልጄ፣ የትናንቱ ጠላ አልለቀቀህም? በሁዳዴ መግቢያ ማን ያርዳል?» አለኝ።

የደብሩን ጾምና በዓል የሚያሰሉት እኮ አባቴ መሪጌታ ናቸው! ዶክተር ደግሞ ይህን ጊዜ ዱቄቱን በጥብጠዋል።

የቀረኝ የሙስሊሞቹ ሰፈር አዲስ ዓለም ነበር። እኛ ዘንድ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም። የመሪጌታ ልጅ በጾም መግቢያ እዚያ ቢታይ ወሬው ቁስቋም ቀድሞት ይገባል። ቢሆንም ሮጥኩ። ሐጂ ኑሩ የሚባሉ አራጅ ያረዱትን በሬ ቆዳ ሲገፍፉ አገኘሁ።

«የመሪጌታ ልጅ አይደለህ? ዛሬ ሥጋ ፍለጋ?»

«ሥጋ አይደለም ሐጂ። ኩላሊቱ ላይ ያለችውን ዕጢ ነው።»

«ልትበላት?»

«ኧረ በስመ አብ! በምላጭ ልሰነጥቃት ነው።»

«እንግዲያማ ጾምህን አልፈታህም» ብለው ሳቁና ሁለቱንም ዕጢዎች ከሞራው ፈልቅቀው ሰጡኝ።

እያለከለክኩ ስገባ ዶክተር ብልቃጡን በረዶ ላይ አድርገው በር በር ያያሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «እኔስ ትናንት ቅበላ ተጠርቼ ዶሮ ስበላ ምን እያሰብኩ ነበር?» ብለው ግንባራቸውን መቱ።

ዕጢዋን ስስ ስስ አድርጌ ሰነጠቅኩና ሦስት ዕቃ ውስጥ ከፈልናት። ለአንዱ ምንም አልጨመርንም፤ ለሁለተኛው ሙሉውን ሆርሞን፣ ለሦስተኛው ቁራጩን ሰጠነው። ሁለት ሰዓት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቆዩ። የዕጢዋ ሆርሞን ከአሲድ ሲገናኝ ያበራልና፣ ፈሳሹን ከአሲድ ቀላቅለን በመብራት መሣሪያው ስናይ የመጀመሪያው ደብዛዛ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ እኩል አረንጓዴ አበሩ!

«ሃያ አራቱ ይበቃሉ!» ብለው ዶክተር ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ እስክስታ ወረዱ። በውጭ አገር ቀድመው ያወቁት ነበሩ። ጎንደር ላይ በገዛ እጄ በቆረጥኩት ሲበራ ግን ደስታዬ ወሰን አጣ።

ማታ አባቴ በር ላይ ጠበቁኝ፤ ወሬው ደርሷል።

«ቀምሰሃል?»

«አልቀመስኩም።»

«በል እጅህን ታጠብና ግባ። ከእኔ ቤት አድረህ ሁዳዴን መርሳትህ ግን ይገርመኛል።»

በዚያው ሳምንት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ትእዛዜ የዓመቱን አጽዋማት በብራና ጽፌ ከማቀዝቀዣው በላይ መስቀል ነበር። ጡረታ እስክወጣ በየዓመቱ ጻፍኩት።

ከዚያ ሁሉ ዘመን የማስተላልፍላችሁ ይህን ነው፤ ቄራው መከፈቱን ሳታረጋግጡ ዱቄት አትበጥብጡ። ቀኑንም ሳታስቡ ለአለቃችሁ «እሺ» አትበሉ።