ጣሊያንን ይዤ ጋይንትን የደበደብሁ ዕለት

ዛሬ ጋይንትን በቦምብ አጋየሁት። በኮምፒውተር ጨዋታ ነው።

የጦርነት ጨዋታ ስሞክር የመጀመሪያዬ ነው። ቤቴ የመጣው የሥራ ባልደረባዬ ሙሉቀን "ጀማሪ ከሆንህ ኃያል አገር ያዝ፤ ብትሳሳትም ቶሎ አትጠፋም" አለኝ። ጣሊያንን ያዝሁ። የጨዋታው ዘመን ጣሊያን አገራችንን የወረረበት የጃንሆይ ዘመን ነው።

(እዚሁ ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ተቀምጦ ጣሊያንን መምረጥ! ስድባችሁን ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ።)

መጀመሪያ በየአቅጣጫው ዘመትሁ። ስንቅ ሳይደርሰው የገፋው ጦሬ ከጎረቤታችን ከስማዳ ገደል ውስጥ ተከቦ አለቀ።

"አንድ ግንባር ምረጥ፤ የስንቅ መንገድህን ጠብቅ፤ እግረኛ ከመላክህ በፊት በአውሮፕላን ደብድብ" አለኝ ሙሉቀን።

እንዳለኝ አደረግሁ። ጋይንት ላይ የቆመው ጦር እንዳለ ተደመሰሰ። ሙሉቀን አጨበጨበልኝ።

አከራዬ እማሆይ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። መቶ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው።

"ማንን ነው የምትገድሉ?" አሉ።

የጣሊያን ጦርነት ጨዋታ መሆኑን አስረዳኋቸው።

"እኔ አይቸዋለሁ" አሉ። "ገበያ መሀል ነበርን። አውሮፕላን ምን እንደሆነ ስላላወቅን ሁሉም አንጋጦ ያያል። ቦምቡ ሲወርድ የታላቅ እህቴን እጅ ይዤ ሮጥሁ። ዞር ብል እጇን ብቻ ይዣለሁ።"

ሙሉቀን ኮምፒውተሩን ዘጋው።

"ስሟ ማን ነበር?" አልኋቸው።

"የሺ" አሉና መደቡ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

እናንተስ ቤት ያንን ዘመን ያዩ፣ ወይም ካዩት የሰሙ አዛውንት አሉ? ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? እኔ ከእማሆይ ጋር ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ኖሬ፣ እህት እንደነበራቸው ዛሬ ገና ነው የሰማሁ።